እርከን በጥር፣ ቦይ በሐምሌ

በየዓመቱ ሰኔ ሲጋመስ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ባነር ይሰቅላሉ። ጽሑፉ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይቀየራል። «የክረምት ወራት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስጀመሪያ መርሐ ግብር» ይላል። ኃላፊዎች ይናገራሉ፤ ወጣቶች ቲሸርት ይታደላሉ፤ አንድ የአቅመ ደካማ ቤት ይመረጥና የመጀመሪያዋ ቆርቆሮ ስትነሳ ካሜራ ይደቀናል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል። ደብረ ሲና ላይ ከሆነ ጉሙንም አስከትሎ ነው የሚመጣው።

በጎ ፈቃዱን ለማጣጣል አይደለም ብዕሬን ያነሳሁት። ደሙን የሚሰጥ፣ የደካማ እናት አጥር የሚያጥር፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሶ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ የሚያስጠና ወጣት ያላት ከተማ ታድላለች። ቅሬታዬ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ነው። ለክረምት መዘጋጃ የሆነው ሥራ ክረምት ከገባ በኋላ ይጀመራል፤ አደጋው በሚበረታበት ሰሞን ደግሞ «ማጠቃለያ» ተብሎ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ ይዘጋል። ሜዳ ላይ የተቀመጠ ከተማ ይህን ሊሸከመው ይችል ይሆናል። ደብረ ሲና ግን አትችልም።

አቀማመጧን እንይ። ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር 190 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዘው፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈው ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምሩ ገደሉ ወገብ ላይ የሚያገኟት ከተማ ናት። ከበላይዋ የመንዝ ብርድ አለ፤ ከበታችዋ የቀወትና የሸዋ ሮቢት ቆላ። ከአዋሽ ሸለቆ በኩል የሚነሳው እርጥብ አየር ዳገቱን ሽቅብ ሲገፋ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ስለዚህ ጉሙ በበጋም ቢሆን ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። ከአናቷ የሚወርደው ጎርፍ በደጇ ሳያልፍ ቆላ አይደርስም። የቆመችበት ተዳፋት ራሱ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በላዩ ላይ ከላይ እየተንከባለለ የተቆለለ ልቅ አፈር፣ በመካከሉ ደግሞ ምንጭ።

በዙሪያዋ ያለው ገበሬ የዚህን መሬት ጠባይ ያውቃል። የተፋሰስ ሥራውን በጥርና በየካቲት ይይዛል። እህሉ ተሰብስቦ፣ ሰውም ከብትም ትንፋሽ ባገኘበት፣ የበልጉ ዝናብ ሳይዘልቅ ዶማውንና አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ያበጃል። ይህን ዘመቻ የሚጠራው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን መንግሥት ነው፤ የግብርና ባለሙያው ቀኑን ቆርጦ፣ ቡድኑን ደልድሎ፣ በሜትር እየለካ ያሠራዋል። የችግኙም ነገር እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ ቁጥሩን ያመነም ያላመነም ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ችግኙ የተፈላው ከወራት በፊት ነው፤ ጉድጓዱም ቀድሞ ተቆፍሮ ሲጠብቅ ነበር። እንግዲህ ያው መንግሥት ለገጠሩ በጥር ያስባል፤ ለከተማው በሐምሌ። የገበሬው እርከን ዝናቡን ቆሞ ሲጠብቅ፣ የከተማው ቦይ ዝናቡ ራሱ እስኪጠርገው ይጠበቃል።

አንዱ ሰበብ በጀት ነው፤ ሰበቡም እውነትነት አለው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋና ሐምሌ 1 ይከፈታል። ሰኔ ላይ የፋይናንስ ሠራተኛው ሒሳብ ለመዝጋት ይራወጣል፤ ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ገና በየምክር ቤቱ እየጸደቀ ነው። ድልድሉ ወርዶ፣ የግዥ ዕቅድ ተሠርቶ፣ ጨረታ ወጥቶ ቱቦና ሲሚንቶ እስኪገዛ ድረስ መስከረም ይጠባል። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው ካዝናው እንደተቆለፈ ነው ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የለም። ካወቁት ደግሞ መላው ሩቅ አይደለም፤ የክረምቱን ሥራ ሊዘጋ በተቃረበው ዓመት በጀት መጨረስ። በዚህ አገር በልግ ካባራ በኋላ፣ ሰማዩ ለክረምት ሳይደፈን፣ ግንቦት ላይ ጥቂት ደረቅ ሳምንታት ይገኛሉ። ለቦይ ጠረጋና ለቱቦ ጥገና ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይመጣም።

የቤት እድሳቱን ደግሞ ጠጋ ብለን እንየው። በአንድ የሰሜን ሸዋ ከተማ፣ ስሟ ይቅር፣ ሐምሌ ውስጥ ያየሁት ነው። የአንዲት አሮጊት ቤት ክዳን በጠዋቱ ተነሳ። ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኖ ነበር፤ መነሳቱ ደግ። ማገሩ በስብሷል፤ የጓዳው ግድግዳ ወደ ውጭ ሆዱን ነፍቷል። ጎረምሶቹ ምርጉን አራገፉ። አዲሱ ቆርቆሮ ግን ገና አልደረሰም፤ የጫነው አይሱዙ «መንገድ ላይ ነው» ተባለ። ስምንት ሰዓት ሲል ሰማዩ ተደፋ። መሶቡ፣ ፍራሹ፣ የእንስራው መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው የእመቤታችን ሥዕል ሁሉ በእድር ሸራ ሥር ተከመረ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ተከናንበው ከጎረቤት ደጃፍ ቆመዋል። አንዱ ጎረምሳ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ፣

«እማማ፣ አይዞዎት፤ ዛሬውኑ እንከድነዋለን» አላቸው።

«ይሁን የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጥር ብትመጡልኝ ኖሮ ግን ፀሐይ ነበር» አሉት።

ሽሙጥ አልነበረም፤ እንዲያው የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ጭቃ ሲመርግ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል። ከተመረገም በኋላ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ምርግ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ስንጥቁን የሚደፍነው ሁለተኛው ምርግ የሚመጣው እሱ ከደረቀ በኋላ ነው። በሐምሌ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ የመስከረም ፀሐይ ሲያገኘው ቅርፊት እያበጀ ይረግፋል። ሐምሌ ላይ ቤቱን አፍርሶ የሚሠራ ሰው የለም፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ማለቴ ነው። በዚያ ላይ የደጋው ሰው ብርድ የሚፈራው በክረምት ብቻ አይደለም። ውርጩ የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ግድግዳው የረገፈበት አዛውንት ያኔ ነው የሚጎዳው። ያኔ ደግሞ ቲሸርቱ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በበጋም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ ይባላል፤ አለ፣ ግን የክረምቱን ያህል ሰውም ወሬም የለውም።

ወደ ቦዩ እንመለስ። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት የፌዴራል መንገድ ነው፤ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። የውስጥ ለውስጡ መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ጎርፍ ደግሞ ወሰን አያውቅም፤ ከሰፈሩ መንገድ ይነሳና ከአስፋልቱ ሥር ባለው ቱቦ ያልፋል። ቱቦው ሲደፈን «የእነሱ ነው» መባባል በዋና መንገድ ላይ በተቆረቆሩ ከተሞቻችን ሁሉ የተለመደ ነው። በዘመቻ ሲጠረግ እንኳ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ደለሉ ከቦዩ ይወጣና እዚያው ጠርዙ ላይ ይከመራል። ፎቶ ይነሳል፤ ሰዉ ይበተናል። የሚቀጥለው ዝናብ ያንኑ አፈር ጠራርጎ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በአንድ ቀን የተደከመበት ሥራ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ጋሪ፣ ካልሆነም የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ መምጣት ይህን ያህል ይከብዳል?

ከደለሉ ጋር የሚወጣው ፌስታል ነው። ደብረ ሲና በቆሎዋ የታወቀች ናት፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው የአውቶቡሱ መስኮት ሥር የሚረባረቡትን ሻጮች ሳያይ አይቀርም። የተቆላው ገብስ ዛሬ የሚቋጠረው በትንንሽ ፌስታል ነው፤ ተሳፋሪው ቆሎውን ሲጨርስ ፌስታሉን በመስኮት ይለቀዋል። ጥፋቱ የሻጮቹ አይደለም፤ እነሱ የሚሸጡት ቆሎ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ደብረ ሲና መናኸሪያ ድረስ እንዲወርድ ቆሎው በምን ይቋጠር ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልጋል፤ የወረቀት ጥቅል ዱሮም ነበረ።

ስለ ሻጮቹ ካነሳሁ አይቀር፣ የጉሙን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጉሙ ከዋሻው ጀምሮ ሲወርድ ሹፌሩ የሚያየው የፊቱን መኪና የኋላ መብራት ነው፤ እሱም ከበራ። ሲኖትራኩ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑ እየሸተተ፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል። በዚያ ሰዓት አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሎ የያዙ ሴቶችና ልጆች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ተማሪዎች አሉ። ለዚህ ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። የመንገዱን ጠርዝ ነጭ ቀለም መቀባት፣ አንጸባራቂ ምልክት መትከል፣ የተቃጠሉ የመንገድ መብራት አምፖሎችን መቀየር፣ ለቆሎ ሻጮች ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ ክዳን ያለው መደብ ማበጀትና አውቶቡሱ እዚያ ገብቶ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሁሉም በደረቅ ወራት የሚሠራ ነው። ቀለም በዝናብ አይይዝም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ተዳፋቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ ላይ በደብረ ሲና አካባቢ፣ በይዛባና በዙሪያው መሬቱ ተንሸራትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። የወሩን ነገር ልብ በሉልኝ፤ መስከረም። አፈሩ ውኃውን ሲጠጣ ከርሞ የሚጠግበው ክረምቱ ሲገባደድ ነው። ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ሰው «ክረምቱ በሰላም ወጣ» ሲባባል ከሥር ያለው አፈር ገና ከብዶ ነው ያለው። የበጎ ፈቃዱ ማጠቃለያ መድረክ የሚዘጋጀውም በዚያው ሰሞን ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የጎፋውን እናስታውስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። በእኛ አገር ጎረቤት ሲቀበር ቆሞ የሚያይ የለም፤ ደግነቱ ነው የፈጃቸው። ያንን ደግነት የሚጠብቀው ቀድሞ የተነገረ ነገር ነው፤ ናዳ ከወረደ በኋላ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም፣ ባለሙያ ሳይጠየቅ ግር ብሎ አይገባም። ምልክቶቹም ለመማር አይከብዱም። ከቤቱ በላይ ያለው መሬት ይሰነጠቃል፤ ምንጩ ይደፈርሳል ወይም ቦታ ይለውጣል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ያጋድላል፤ ትናንት የሚዘጋ በር ዛሬ አልዘጋ ይላል። ይህን በአማርኛ፣ በጉልህ ፊደል ጽፎ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየወፍጮ ቤቱ መለጠፍ የስንት ብር ሥራ ነው?

እዚህ ላይ የመረጃው ጉዳይ ይመጣል። የከተሞቻችን አስተዳደሮች ዛሬ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል አላቸው፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ገጾቹን ግን ገልጣችሁ እዩአቸው። ውይይት ተካሄደ፣ የሥራ ኃላፊዎች ጎበኙ፣ ዕቅድ አፈጻጸም ተገመገመ። ነዋሪው የሚፈልገው ሌላ ነው፦ የእኛ ሰፈር የውኃ ፈረቃ መቼ ነው? መብራቱ ለጥገና የሚጠፋው በየትኛው ቀን ነው? የጤና መድኅን እድሳት መቼ ይዘጋል? ከላይ ሰፈር ያለውን ስንጥቅ ያየው ባለሙያ ምን አለ? የሚለጠፈው ወሬ ለአለቃ የተጻፈ ሪፖርት ነው፤ ነዋሪው በጎን ቆሞ እንዲያነበው ተፈቀደለት እንጂ ለእሱ አልተጻፈም። የቀበሌው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውም ከስብሰባው ቀን በኋላ በዝናብ ርሶ ይገኛል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ የሚያወጣው ግንቦት ላይ ነው። ያ ትንበያ ወደ ደብረ ሲና ቋንቋ ተተርጉሞ፣ «ዘንድሮ እንዲህ ስለሚሆን እናንተ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ይህን አድርጉ» ተብሎ በሞንታርቦ ሲነገር ብሰማ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ስማርት ስልክ የሌላቸው አዛውንት ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ የእድር ለፋፊ ነው። እድር በዚህ ሁሉ ውስጥ የተረሳው ትልቅ ተቋም ነው። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ መዝገብ ሳይገልጥ ያውቃል። ሸራ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሰው የሚጠራበት ጥሩንባ አለው። ለሞት የምንጠራበትን ጥሩንባ ለቦይ ጠረጋም ብንነፋው ማን ይከለክለናል? «በከተማ የተመረጡ አቅመ ደካሞች» የሚለው ዝርዝር ከጽሕፈት ቤት ሳይሆን ከእድሮች ቢመጣ ኖሮ፣ ቤታቸው በደህና የቆመ ዘመዳሞች ተመረጡ የሚለው ሐሜትም ባልተሰማ ነበር።

ይህን ሳነሳ አንድ ተቃውሞ ይታየኛል። ደብረ ሲና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደጇ ገብቶ፣ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታ፣ ዝርፊያና ውድመት ያየች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ሰው በሰላም መግባት መውጣቱ በሚያሳስብበት ሰዓት ስለ ቦይ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ቆርቆሮ የጫነው መኪና በቀኑ ላይደርስ የሚችል ከሆነ፣ ሥራን ወደ መጨረሻዋ ቀን መግፋት የበለጠ አደገኛ ነው። ተዳፋቱም ቢሆን የሰላም ስምምነት ቆሞ አይጠብቅም።

ቀን ጠብቆ መሥራት ደግሞ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገሩን ከፈጀ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባነር የለውም፣ የክብር እንግዳ የለውም፣ የትራንስፖርት አበል አይጠየቅበትም። ሁሉም ቤት ቀኑን ያውቃል፤ ሁሉም ደጁን ይጠርጋል። (ዛሬ አብሮ የሚነደው ፕላስቲክ ጭሱ መርዝ መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል፤ ጠርጎ መቅበር ወይም ማስወሰድ ይሻላል።) ለጽዳት ኅዳር 12 ካለን፣ ለቦይ የግንቦት አንድ ቅዳሜ ሊኖረን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ አደራ የምለው ይህን ነው። የከተማው አስተዳደር የቦይና የቱቦ ሥራውን ግንቦት ላይ ይጨርስ፤ ከመንገዶች አስተዳደር ጋር ቁጭ ብሎ የትኛው ቱቦ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይና ዝርዝሩን ለነዋሪው ያሳውቅ። የቤት እድሳቱን ወደ ኅዳርና ጥር ያዙረው፤ ወጣቱ ከትምህርት ቤት የሚወጣው በክረምት ነው ከተባለ፣ ለክረምቱ ማስጠናቱ፣ ደም ልገሳውና ችግኝ ተከላው ይበቃዋል። የተዳፋቱ ጥበቃ እስከ ጥቅምት አይቋረጥ። የእድር ሰብሳቢዎች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ስም ከአሁኑ ይመዝግቡ። እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ ደጃፍዎ ያለውን ቦይ ሲጠርጉ አፈሩን ጠርዙ ላይ አይተዉት።